አራዳ ሲሉኝ

የጡረታ መሸኛዬ ዕለት አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ የለስላሳ ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ «ለአራዳዋ እናታችን» አለና ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። የተሸለምኩትን ጋቢ ጭኔ ላይ እንደያዝኩ ፈገግ አልኩ።  ልጁ ደግ ልጅ ነው፤ ሊያከብረኝ ፈልጎ ነው። እሱ በሚያውቀው አማርኛ አራዳ ማለት ሰው የሚገባው፣ ነገር የማያካብድ፣ ከልጅ ጋር ልጅ ከትልቅ ጋር ትልቅ የሚሆን ነው። እኔን ግን ይህ ቃል ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲከተለኝ አንድም ጊዜ ባደረበት አልዋለም። ሰድበውኛል በእሱ፣ አሞግሰውኛል በእሱ። እኔም በእሱ ተመክቼ የማይሠራ ሥራ ሠርቻለሁ። ያንን ሥራዬን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሳቸውም ሞተዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። ገና ሳይነጋጋ እነሣና ቦቲ ጫማዬን አጠልቃለሁ፤ በሩ ላይ ስደርስ የምሄድበት እንደሌለ ትዝ ይለኛል። እመለሳለሁ። ደግሞ እወጣለሁ። ወረታ ውስጥ ያልዞርኩበት መንገድ የለም፤ ባለባጃጆቹ እንኳ «እትዬ ትርንጎ፣ ዛሬስ ወዴት?» ማለት ሰልችቷቸው ትተውኛል። ልጄ ሐና አብራኝ ነው የምትኖረው፤ ስልክ መጠገኛ ሱቅ አላት። እግርሽ ሥር ፍም አለ እንዴ እያለች ታሾፍብኛለች። ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሰው ሲፈታ እንዲህ ነው እላታለሁ። ውሸቴን ነው። ሥራው አይደለም እንቅልፍ የነሣኝ።

ሥራዬ ከብት ማከም ነበር፤ ይበልጡን ደግሞ መክተብ።

ልጅ ሳለሁ አራዳ ሰው አልነበረም፤ ቦታ ነበር። መንደራችን ከወረታ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አባቴ ጨው ሊገዛ ሲነሣ «አራዳ ወጥቼ ልምጣ» ይላል፤ ቆርቆሮ ቤቶቹ፣ ሻይ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ያሉበትን መሐል ከተማ ማለቱ ነው። ሰው አራዳ ይሄዳል፣ ከአራዳ ይመለሳል፣ አለቀ። ቃሉ ከመሬት ተነሥቶ ሰው ላይ ሲወጣ ያየሁት ሥልጠና ጨርሼ አንበሳሜ የምትባል የገበያ ከተማ ስመደብ ነው።

ሱሪ ለብሼ፣ ጸጉሬን አሳጥሬ፣ መርፌ ይዤ ገበያው ዳር ቆምኩ። ሰዉ ከብቱን እየነዳ ዞር ይላል። ወንዱን ባልደረባዬን «የአራዳ ልጅ» ሲሉት ዓይኑ የተገለጠ ነው፣ ኪስህን ጠብቅ ማለታቸው ነው፤ እየሣቁ ነው የሚሉት። እኔን ሲሉኝ ግን ሌላ ነበር። ባል የሌላት፣ ቤት የሌላት፣ ከማንም ጋር የምትውል ማለት ነው። አንዲት እናት የላሟን አንገት አቅፋ ይቺ አራዳ ከብቴን እንዳትነካብኝ ስትል ገበያው ሁሉ ሰማ። መጋዘን ገብቼ የመኖ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። እኔ ንዴት ይስማማኛል፤ ብዙውን ሥራዬን በንዴት ነው የሠራሁት። በሳምንቱ የዚያችው ሴትዮ ላም ወልዳ እንግዴ ልጁ አልወርድ ሲላት ማን ተጠራ መሰላችሁ? እጄን እስከ ክንዴ በሳሙና አጥቤ ገባሁበት። ከዚያ ወዲህ ሰደበችኝ አልልም፤ አራዳ ማለቷን ግን አልተወችም። ትንሽ ለስለስ አድርጋ ነው የምትለው እንጂ።

ስለ አለቆች ብዙ አልናገርም፤ በየቦታው ያጋጠሙኝ ስንት ከብት ተከተበ ብለው ይጠይቃሉ እንጂ እንዴት ተከተበ ብለው አይጠይቁም። ደመወዙንም አታንሡብኝ። ሥራ ያስተማረኝ አለቃ አይደለም። ሁለት ዓመት ቆይቼ ወደ ወረታ ስዛወር ጋሼ ደምሴ እጅ ወደቅሁ።

ጋሼ ደምሴ አሮጌ ከታቢ ነበሩ። የበረዶ ሣጥኑን ማንገቻ ለብዙ ዘመን ከመሸከማቸው የተነሣ ግራ ትከሻቸው ከቀኙ ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ከብት ከመንካታቸው በፊት ስሟን ይጠይቃሉ። ቡሬ ናት? ሻሽ ናት? ስሟን ይጠሯትና መዳፋቸውን ጎኗ ላይ ያሳርፋሉ፤ ትንፋሿ እስኪረጋ ይቆያሉ። ከትከሻዋ ኋላ ያለውን ልል ቆዳ ቆንጥጠው ያነሡና መርፌውን ከቆዳው ሥር ያስገባሉ፤ ጆሮዋን ሳታቀና ያልቃል። መርፌ የሚቀቅሉት ራሳቸው ናቸው፤ ለእኔ እንኳ አይሰጡም ነበር። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የከንፈራቸው ነገር ነው። እያንዳንዱን ብልቃጥ ከሣጥኑ ሲያወጡ የላይኛው ከንፈራቸው ላይ ያስነኩታል። እጅ ሲሠራ ይሞቃልና ይዋሻል፣ ከንፈር ግን አይዋሽም ይሉ ነበር። ክትባት ከሞቀ አይሠራምና ብልቃጡ ካልቀዘቀዘ መድኃኒቱን ገበሬው ፊት መሬት ላይ ይደፉና «ዛሬ መድኃኒቱ ሞቷል፤ ተመለሱ» ይላሉ። ስንት ሰው ቢሰበሰብ፣ ስንት ሰዓት ቢጠብቅ ግድ የላቸውም።

ሰዉ ያጉረመርማል። እኔ በኀፍረት መሬት እገባለሁ። ያኔ ከኋላችን የመጡት ወጣቶች ለሳቸው አንድ ቃል ነበራቸው፤ ፋራ። አራዳ ያልሆነ ሁሉ ፋራ ነው። ከሳቸው ጀርባ ሲሥቁ እኔም አብሬ ሥቄያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ሣጥኑ ለእኔ ደረሰኝ። ዘመኑም ተለወጠ። ሜዳው ሩዝ ለበሰ፤ ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ አይቋረጥም፤ ሾፌሩ፣ ነጋዴው፣ ደላላው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። አሁን አራዳ መባልን የማይፈልግ ጠፋ። ገበሬው እንኳ ከብት ሲታመምበት አራዳዋን ጥሩልኝ ይል ጀመር። ባዶ እጇን የማትመለስ፣ መላ የማታጣ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ጥጃ እግሩ ወደ ኋላ ታጥፎ ለመውጣት እምቢ ሲል የባለ ላሟን ሴትዮ መቀነት ቀለበት አድርጌ አስገብቼ ሰኮናውን ይዤ አወጣሁት። ያ ወሬ ከይፋግ እስከ ጉማራ ወንዝ ተሰማ። አልዋሽም፣ ወደድኩት። አንበሳሜ ላይ ያስለቀሰኝ ቃል አሁን እንደ ኒሻን ደረቴ ላይ ሆነ።

ከጋሼ ደምሴ የተማርኩትን ለዚያ ስም ነው የሸጥኩት።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ነበር። ከርብ ወንዝ ማዶ ያለች አንዲት መንደር ከብቷን ለማስከተብ ቀን ቆርጣ ነበር። በፎገራ ሜዳ ከብት የሚከተበው በበዓል ነው፤ በሥራ ቀን በሬውን ከቀንበር የሚፈታልሽ ገበሬ የለም። ያን በዓል ካሳለፍሽ ሌላ በዓል ትጠብቂያለሽ፤ ሐምሌ ከገባ ደግሞ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፣ መንገድ የሚባል ነገር አይኖርም። ውሃው ሲመጣ ደግሞ ጎርርሳ አብሮት ይመጣል፤ የከብትን ጉሮሮ አሳብጦ ባንድ ቀን የሚጥል በሽታ ነው። ስለዚህ ያ ቀን ማለፍ የሌለበት ቀን ነበር።

መኪናችን ዋልካው ላይ ተቀረቀረ። ድንጋይ ብናነጥፍ፣ ቅጠል ብናነጥፍ፣ ብንገፋ፣ እሱ ይበልጥ ይሰምጣል። ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ከጭቃው ጋር ስንታገል ዋልን። ሲያቅተኝ ሣጥኑን ተሸክሜ በእግሬ ሄድኩ። ፀሐዩ ከዝናብ በኋላ የሚወጣው አናት የሚበሳው ነበር። መንደሩ ስደርስ ከብቱ ሁሉ ከንጋት ጀምሮ ተሰብስቦ ቆሟል፤ ሰዉ የሐዋርያት ጾም ላይ ነው፣ ምራቁ ደርቋል። ሣጥኑን ከፈትኩ። በረዶው ውሃ ሆኖ ብልቃጦቹ ይዋኛሉ። አንዱን አነሣሁና ከንፈሬ ላይ አስነካሁት።

ለብ ብሏል።

የመንደሩን መንጋ የሚያስተዳድሩት አያ መልኬ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። እዚያ አገር ከብት ሁሉ በአንድነት ይሰማራል፤ እያንዳንዱ ቤት በተራው ይጠብቃል፤ ተራውን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። አጠገቤ ቆመው ያዩኛል። ፊቴ ላይ አንድ ነገር ሳያነቡ አልቀሩም።

«ደምሴ ቢሆን ይኼኔ ደፍቶ ይመልሰን ነበር» አሉ። «አንቺ ግን አራዳ ነሽ።»

ሰዉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። መርፌውን ሞላሁ።

ያን ቀን ያልወጋሁት ከብት የለም። እጄ ይሠራል፣ ከንፈሬ ግን ሙቀቱን አልረሳውም፤ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ግማሹ ብልቃጥ እኮ ደኅና ሊሆን ይችላል፣ መሐል ያሉት እስካሁን ቀዝቃዛ ሳይሆኑ አይቀሩም እያልኩ ራሴን አባብል ነበር። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል። እኔ ቸኩዬ እንኳ አልነበረም፤ ባዶ እጇን ተመለሰች እንዳልባል ብቻ ነው።

በሐምሌ አጋማሽ ሰው መጣብኝ። ውሃውን በታንኳ ተሻግሬ ደረስኩ። ባንድ ሳምንት ዘጠኝ ከብት ረግፏል። ምላሳቸው ወጥቶ፣ ጉሮሯቸው አብጦ፣ እዚያው በወደቁበት ተዘርግተዋል። ሰዉ ከበበኝና አስከትበን አልነበረም ወይ አለኝ። በቁጣ አይደለም የጠየቁኝ፤ ግራ ገብቷቸው ነው። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እኛ ከታቢዎች በሽታ ሲነሣ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ በቅርቡ ከውጭ የገባ ከብት አለ ወይ? ደኅና ጥያቄ ነው። ያን ደኅና ጥያቄ ለክፉ ሥራ ተጠቀምኩበት። ስጠይቅ ሰዉ ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞረ። ፈንታሁን ይባላል፤ እኩያዬ ነው፣ ጎልማሳ ገበሬ። ከሰኔ በፊት ከይፋግ ገበያ አንድ በሬ ገዝቶ ነበር። በሬው የሞተው ያን ዕለት ጠዋት ነው፤ ከዘጠኙ የመጨረሻው። ፈንታሁን ገመዱን በእጁ እንደያዘ ቆሟል።

«የሱ በሬ እኮ መጨረሻ ነው የሞተው» አለ አንዱ።

«አንዳንድ ከብት በሽታውን ተሸክሞ ይቆያል» አልኩ። «ሌላውን ጨርሶ ራሱ በመጨረሻ ይወድቃል።»

ይኸው ነው። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም፤ መናገርም አላስፈለገኝም። የተማረ ሰው ተናግሯላ። ፈንታሁን በሬዬ አንድ ቀን እንኳ ሣር እምቢ አላለም፣ ደኅና ነበር ብሎ ሲምል የሰማው የለም። ሌላ መድኃኒት በበረዶ አስመጥቼ የተረፈውን ከብት እንደገና ከተብኩ፤ በሽታው ቆመ። አራዳዋ ደረሰችልን ብለው መረቁኝ። ፈንታሁንን ግን ከመንጋው አወጡት። የቀረው አንድ በሬ ነበር፤ አንድ በሬ ያለው ገበሬ ከሌላው ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። ከእሱ ጋር የሚቀናጅ ጠፋ። መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ በገዛ ማሳው ግማሽ ተቀባይ ሆነ። ልጆቹ የቀሩትን ላሞች በመንገድ ዳርና በቦይ ዳር ብቻቸውን ሲጠብቁ በሞተር ሳይክል ባለፍኩ ቁጥር አያቸው ነበር። እጃቸውን ያውለበልቡልኛል።

ለጋሼ ደምሴ ሄጄ ነገርኳቸው። ወረታ ዳር ባለች ቤታቸው አንድ ሁለት የሽንኩርት መደብ ነበራቸው፤ ውሃ እያጠጡ ሰሙኝ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከንፈርሽ ላይ አስነክተሽው ነበር? አዎ አልኳቸው። «እንግዲያ ሂጂና ንገሪያቸው» አሉኝ። እሺ ውሃው ይጉደል አልኩ። ውሃው ጎደለ። አጨዳው ይለፍ አልኩ። አለፈ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ እንዴት ዋልሽ አይሉኝም፤ «ነገርሻቸው?» ነው የሚሉኝ። በሌላ መንገድ መዞር ጀመርኩ። ታመው ሊሞቱ ሲሉ ልጠይቃቸው ገባሁ። መናገር ተስኗቸው ነበር። ዓይናቸው ግን ያንኑ ጠየቀኝ።

ቃሉ ደግሞ መዞሩን አላቆመም። የሩዝ ደላሎች ገበሬውን በሚዛን በሚበሉበት ጊዜ አራዳ ማለት ያለምንም መሽኮርመም አታላይ ሆነ። ሰው አራዳ በላኝ እያለ ሲያለቅስ እሰማለሁ። ማንም እኔን ብሎ አይደለም፤ እኔ ግን ጆሮዬ ጭው ይላል። ቀጥሎ የሐና እኩዮች አነሡት፤ አጠቡት፣ አሳመሩት፣ የደግ ሰው ስም አደረጉት። አሁን ለወዳጅ የሚባል ነው።

ባለፈው ሰሞን ለሐና ሁሉንም ነገርኳት። የያዘችውን ስልክ አስቀምጣ ሰማችኝና አቀፈችኝ። ስንት ዓመቱ፣ ማን ያስታውሰዋል፣ ሰዎቹስ ረስተውት ይሆናል አለች። «አራዳ ሁኚ እማዬ፣ አታካብጂው።» ልጄ እንዳርፍ ብላ ነው፤ አልተቀየምኳትም። ግን ሳስበው እኔ መቼ አካበድኩት? ክብደቱን የተሸከመው በቦይ ዳር ከብት የሚጠብቀው ሰው ነው። እሑድ ጠዋት ባጃጅ ተሳፈርኩ፤ ዛሬ መንገዱ እስከ መንደሩ ድረስ ጠጠር ነው።

ፈንታሁን ደጃፉ ላይ የቃጫ ገመድ ይገምዳል። ጸጉሩ ነጥቷል፣ አንድ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎታል። ድሮ አንተ የምለውን ሰው አንቱ ብዬ ጠራሁት፤ ካፌ እንዲያው ወጣ። ልጆቻቸው ሁሉ አግብተው ወጥተዋል፤ ሚስታቸው ሞታለች፤ አንዲት ላምና አንዲት ጊደር አሏቸው፣ እነሱም ጓሮ ታስረዋል። ቆሜ ተናገርኩ።

«አያ ፈንታሁን፣ የርስዎ በሬ አልነበረም። መድኃኒቴ ሞቶ ነበር። እያወቅሁ ወጋኋቸው፣ በርስዎም አሳበብኩ።»

ቀና አላሉም። ገመዱን እስከ ጫፉ ገምደው ቋጠሩት፣ ሳብ ሳብ አድርገው ጥንካሬውን አዩ።

«በሬዬ ደኅና እንደነበረ እኔ መቼ ጠፋኝ?» አሉ። «ለኔ አትንገሪኝ። ለነሱ ንገሪ።»

ተነሥተው ቀደሙኝ። ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ ሰንበቴ ላይ ነበር፤ ደጀ ሰላሙ ዳር ጥላ ሥር ተቀምጧል። አያ ፈንታሁን ከዳር፣ ከሰው ራቅ ብላ ባለች ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቦታቸው እሷ መሆኗን አወቅሁ። አያ መልኬ አሁን በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ ከመሐል ናቸው። መሐላቸው ቆምኩና ከጭቃው ጀምሬ እስከ ፈንታሁን ድረስ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። የከንፈሬን ነገርም ነገርኳቸው። ያኔ ገና ያልተወለዱ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ። አያ መልኬ እስከ ዛሬ ምን ያዘሽ ብለው ጠየቁኝ። ብዙ የማስረዳው ያለኝ መስሎኝ ነበር፤ የወጣኝ ፈራሁ የሚለው ብቻ ነው።

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይወድቃል። ማንም ሳያዘኝ ከካቡ አንድ ድንጋይ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ አደረግሁና አያ ፈንታሁን እግር ሥር ተንበረከክሁ። ሰዉ ይቅር በላት፣ ለእግዜር ብለህ ይቅር በላት ማለት ጀመረ። እሳቸው ግን እኔን አላዩኝም። በላዬ አልፈው ሰዉን ነው ያዩት።

«እናንተ በሷ አፍ አመናችሁ» አሉ። «በኔ አፍ አላመናችሁም።»

 ድንጋዩ አንገቴን እየቆረጠኝ ነው። አያ መልኬ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ፤ እስኪነሡ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። «አጥፍተናል፤ እኔም አጥፍቻለሁ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው እንደ ድሮው የመንጋ አለቃ ሆነ። «ከነገ ጀምሮ ከብትህ ከመንጋው ይግባ። የጥበቃ ተራህ ሐሙስ ነው።» ከወጣቶቹ አንዱ ጉልበታቸውን አይቶ እኔ እጠብቅላቸዋለሁ አለ። አያ ፈንታሁን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የራሴን ተራ ራሴ እወጣለሁ አሉ። ከዳሯ ድንጋይ ተነሥተው በአጠገቤ ሊያልፉ ሲሉ ቆሙ።

«አውርጂው፣ ይከብድሻል» አሉኝ። «ያንቺን ነገር ሐሙስ ከብት ስጠብቅ አስብበታለሁ።»

ይህን የምጽፈው ረቡዕ ነው።